የዋሂል ፍየሎች ገንዳ

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ አብቲ ሚክዳድ፣ ጅቡቲ ወደብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ዒድ በስልክ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተረኩልን ጉልበትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ሆዮም ደህና ናት፤ ከእኔ በቀር ከማንም አልተጣላችም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ በዚያ በጅቡቲ ሙቀትም መብራት አያጥፋብዎ፤ አሚን።

በክብር ጀመርኩ አይደል? በቃ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው «እርስዎ» ሲባል አንገቱን የሚበላው ይመስለኛል፤ ከዚህ መስመር በታች አንተ ነህ።

በስልክ ያልጻፍኩልህ ሆዮ ስልኬን ስለወረሰችው ነው። ፈተና እስኪያልፍ ከቦርሳዋ አይወጣም ብላለች። ስለዚህ ይህን ወረቀት የምታመጣልህ ሳዶ ናት። ሳዶን ታውቃታለህ፤ በባቡር ቃሪያ ይዛ ሄዳ ሽቶ ይዛ የምትመለሰው፣ ከአንድ ፉርጎ ሙሉ ሰው ጋር ዘመድ ሆና የምትወርደው ጎረቤታችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሂል የሚኖረው የአባቴ ወንድም ፍየሎች አሉት። ፍየሎቹ የውሃ ገንዳ አላቸው። እኔ ደግሞ የውሃውን ከፍታ እየለካ የሚያስታውቅ ነገር እየሠራሁ ነው። ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ድምፁ ውሃውን ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላል። አርዱይኖ በሚባለው የተማሪ ቦርድ ሠርቼው እቤት ባልዲ ላይ ጥሩ ሠራ። ግን ባትሪ ይጠጣል አቦ፣ እንደ ግመል! ሜሞሪውም ሞልቷል። ሩቅ የሚደርሰው ሬዲዮ ደግሞ በ3.3 ቮልት የሚናገር ሲሆን አርዱይኖዬ በ5 ቮልት ነው የሚጮኸው። ሁሉም ሰው «ወደ ሠላሳ ሁለት ቢቱ የቺፖች ቤተሰብ ተሻገሪ» ይለኛል፤ በምን እንደምሻገር የሚነግረኝ ግን የለም።

ታይዋን ገበያ ቻርጀር የሚሸጠው ጦልሃ አውራ ጣት የምታክል ቦርድ አሳየኝ። ኬብል የላት፣ ወረቀት የላት፣ ቺፑ ላይ ያለው ጽሑፍም የተፋቀ ይመስላል። «ኦሪጅናል ናት ወላሂ» አለኝ። ጦልሃ ከማለ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው።

አንተ የወደቡን የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች አንጎል እየከፈትክ ነው የምትኖረው። ንገረኝ፣ ጀማሪ በምን ይጀምራል? ካለህም ላክልኝ። ከሐምሌ በፊት ማለቅ አለበት። ፍየሎቹ መጠበቅ አይችሉም።

አክባሪህ (እስከምትመልስ ድረስ)
ናስቲሆ


ጅቡቲ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለናስቲሆ፤

የአላህ ሰላም በደጃችሁ ይግባ፣ ገብቶም ይቀመጥ። ለእናትሽ ለፋርሂያ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ከአክስቷ ልጅ ሳይሆን ከወንድሟ ነው በዪያት፣ በአንድ ማዕድ አድገናልና። ለጠየቅሽኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ጉልበቴ ተሽሎታል። ስለ ጉልበቴ ግማሽ ሰዓት አላወራሁም።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ወደ አዲስ የማይክሮኮንትሮለር ቤተሰብ የሚሻገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጉልበቱን ነው፤ ፍጥነቱ ስንት ነው፣ ሜሞሪው ስንት ነው ይላል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሳሳት ያሳየኛል ወይ? አርዱይኖ ልጅ ሳለሽ እጅሽን ይዞ ያሻገረሽ ነው፤ ብዙ ነገር ሳትጠይቂው ሲያደርግልሽ ነበር። አዲሱ ቤተሰብ እጅሽን አይዝም። ስለዚህ የጦልሃን ቦርድ ለጦልሃ ተዪለት። ባዶ ቦርድ ላይ ፕሮግራም ቢቆምብሽ የቆመው ቺፑ ይሁን፣ ገመዱ ይሁን፣ አንቺ ሁኚ የምታውቂበት መንገድ የለሽም። በጨለማ መርፌ መፈለግ ይሆንብሻል።

የላክሁልሽን ቦርድ እይው። መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ የሚመስል መስመር አለው። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ትንሹ ክፍል ዲበገር ይባላል፤ መመልከቻ በይው። በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ፕሮግራም ትጭኛለሽ፤ በዚያው ገመድ ደግሞ ፕሮግራሙን በመሃል አስቁመሽ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ፣ በእጁ ምን ቁጥር እንደያዘ ታያለሽ። ሌላ ምንም አትግዢ። አንድ ቦርድ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ የቮልት መለኪያ። የሠሪዎቹን የምሳሌ ፕሮግራም ጫኚና ቦርዱ ላይ ያለችውን መብራት ብልጭ አድርጊያት። እሷ ሳትበራ ወደ ሴንሰር አትሂጂ። ሴንሰሩ ሳይሠራ ወደ ሬዲዮ አትሂጂ። ሬዲዮዎቹንም ጥንድ አድርጌ ልኬአለሁ፤ ትዕግሥት ግን በሳዶ እጅ አይላክም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሴንሰርሽ በ5 ቮልት ነው የሚመልሰው፣ አዲሱ ቦርድ ደግሞ 3.3 ነው የለመደው። በቀጥታ ካገናኘሽው እግሩን ታቃጥይበታለሽ። ቮልቱን የሚከፋፍሉ ሁለት ሬዚስተሮች ከዚህ ወረቀት ግርጌ በፕላስተር ለጥፌልሻለሁ።

ገንዳው ምን ያህል ነው? በየስንት ጊዜው ይለካ? ጻፊልኝ።

አላህ ይጠብቅሽ፤
አብቲሽ ሚክዳድ


ድሬዳዋ
ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብቲ ሚክዳድ፣ የትዕግሥት ሚኒስትር፤

ወዓለይኩም ሰላም፤ ሰላምህ ገብቶ ተቀምጧል፣ ወንበር ግን የለንም።

አራት ገጽ ጽፈህ አራቱም ገጽ «መብራት አብሪ» ነው የሚለው። አበራሁ! እውነቱን ልንገርህ፣ ያቺ ቁራሽ መብራት ብልጭ ስትል ጮኬ ሆዮ ጫማዋን ይዛ መጣች። ይህን ለማንም እንዳትናገር።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ሬዚስተሮቹ የሉም። ከደብዳቤህ ግርጌ ፕላስተሩ ብቻ ነው ያለው። ሳዶን ብጠይቃት ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ወረቀቱ ውስጥ የሚቆረቁር ነገር አገኘሁ፤ እግር ያለው፣ ወገቡ ላይ ቀይና ጥቁር ክር የታሰረበት፣ ደግሞ ሁለት! ሲህር ነው፣ ድግምት! እኔን ተሸካሚ አድርጎኝ!» አለችኝ። አዲጋላ ጣቢያ ላይ አዑዙ ቢላህ ብላ በመስኮት ወረወረቻቸው። አሁን በረሃው መሃል አንዲት ፍየል በትክክል ቮልት እየከፋፈለች ነው።

እኔም መጠበቅ አልቻልኩም፤ በቀጥታ አገናኘሁት። አዎ። የቦርዱ አንድ እግር ሞተ። አትጩህ፤ ሌሎች እግሮች አሉት። ጦልሃ ጋ ከወደቀ ሬዲዮ ውስጥ ሬዚስተር ነቅዬ በመለኪያህ ለካሁና በሌላው እግር ሠራ። አየህ? ተምሬአለሁ። ትንሽ እንደ አንተ ሆኜአለሁ፤ ጉልበቴን ያመኝ ጀምሯል።

ለጠየቅኸው መልስ። በየሁለት ሴኮንዱ ይለካ። ሬዲዮው ሦስት ኪሎ ሜትር መድረስ አለበት። ጡሩምባው በገበያ ጫጫታ ውስጥ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። ሳጥኑ ውሃ አያስገባ፣ ብረት ላይ የሚታሰርበት ነገርም ያስፈልገዋል፤ ጠንካራ፣ ግንድ ቢመታው የማይነቀል። እነዚህን ሐምሌ ሳይገባ ብትልክልኝ። እባክህ።

ናስቲሆ


ጅቡቲ
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናስቲሆ፤

ሰላምታዬን ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። በየሁለት ሴኮንዱ ይለካ ብለሻል። ፍየል በሁለት ሴኮንድ ምን ያህል ትጠጣለች? ሃምሳ ፍየል ቢሆንስ? ገንዳ የሚጎድለው በሰዓታት ነው። ጡሩምባው በገበያ ጫጫታ ውስጥ ይሰማ ብለሻል። ዋሂል ፍየሎቹ መሃል ምን ገበያ አለ? ግንድ ቢመታው አይነቀል ብለሻል። የትኛው ገንዳ ውስጥ ነው ግንድ የሚሄደው?

አንቺ የምትጠብቂው የሚጎድል ውሃ አይደለም። የሚሞላ ነው፤ በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ።

ሳጥኑንና ማሰሪያውን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። አሁን ንገሪኝ። ገንዳው የት ነው?

ሚክዳድ


ድሬዳዋ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ፤

ዋሂል ፍየል የለንም። የአባቴ ወንድም እንኳን ፍየል ጫማም የለው። ገንዳው እቤታችን ሥር ያለው ነው። አሸዋው፤ ደረቁ ወንዝ።

ሆዮ ድሮ የምትሸጠው አስፋልቱ ዳር ነበር። ከጥር ወዲህ ከዚያ አስነሷቸው፤ ሴቶቹ ሁሉ ሸራቸውን ይዘው ወደ ደረቁ አሸዋ ወረዱ። ሰፊ ነው፣ ማንም አይነካቸውም፣ ገዢም በዚያ ነው የሚያቋርጠው። ሎሚዋንና ቃሪያዋን እዚያው መሃል ዘርግታ ጠዋት ወርዳ ማታ ትወጣለች። ሚዛኗንም ታውቃታለህ፤ የአያቴ የአየዮ መሪያም የነበረችውን የብረት ሚዛን። ከእኔ አብልጣ ነው የምትወዳት።

ሚያዝያ ላይ እኔ ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፣ አንድ ጠብታ የለም። ከላይ ከደንገጎ ተራራ በኩል ውሃ መጣ። ትንሽ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየተሳሳቁ ሸራቸውን አነሱ። ሆዮም ሳቀች። እኔ ግን ከላይ ሆኜ አየኋት። አፏ ይስቃል፣ ሚዛኗን የያዙት ጣቶቿ ደም የላቸውም። ማታ ስትገባ «ትንሽ አየሩ ተለወጠ» ብላ ራቷን በላች። በማግስቱ እዚያው ወረደች።

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደህና አይደለሁም አብቲ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አስተማሪው ሲናገር የምሰማው ውሃ ነው። የባጃጅ ሞተር ከሩቅ ሲመጣ እነሳለሁ። ጓደኞቼ ሽንት ቤት የሚያሯሩጠኝ ይመስላቸዋል፤ እኔም እንዲመስላቸው አደርጋለሁ።

ለምን ዋሸሽኝ እንደምትል አውቃለሁ። እቤታችን ያንን ቃል የሚናገር ሰው የለም። የአየዮ መሪያም ነገር ሲነሳ «ያ ዓመት» ይባላል፤ ያ ዓመት ማለት ዘጠና ስምንት፣ የሐምሌ መጨረሻ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ከጎረቤት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ሲነሳ ሆዮ ታጠፋዋለች። አንተ ደግሞ ስትደውል ጉልበትህ ነው። እኔም ቃሉን ልጽፈው ፈልጌ እጄ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ ፍየል ጻፍኩ።

ለሆዮ እንዳትነግራት። ብቻ ጻፍልኝ።

ናስቲሆ


ድሬዳዋ
ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ ሚክዳድ፤

ሳዶ ስንቴ ሄዳ ተመለሰች፤ ከአንተ ግን ምንም የለም። «አገኘሁት፤ ደብዳቤሽን ወስዶ ኪሱ ከተተውና ዓይኑን ወደ ባሕሩ አደረገ» አለችኝ። ደግሞ፣ «ሲህሩ በእሱም ላይ ሠርቷል» አለች። እስክትመልስ አልጠብቅም፤ ጻፍኩ።

ነገሩን ሰቅዬዋለሁ። ከፈተና በኋላ ያሉትን ቀናት ሁሉ ከአሸዋው ሽቅብ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ባለው ላይኛው ድልድይ ሥር ነው ያሳለፍኩት። አዲሱ ቦርድ በሳጥንህ ውስጥ ሆኖ ከብረቱ ላይ ታስሯል። አሮጌው አርዱይኖ ጡረታ አልወጣም፤ እኛ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። አዲሱ በየደቂቃው «አለሁ» ይላል፤ ሲል እኛ ጋ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ውሃ ካየ ጣሪያችን ላይ ያለው ጡሩምባ ይጮኻል። ጡሩምባውን ጦልሃ ከተሰበረ ባጃጅ ነቅሎ ሰጠኝ። ስሞክረው ምን ዓይነት ድምፅ እንዳወጣ ገምት። እንደ ፍየል! «እምምቤእእእ!» ወላሂ፣ ውሸቴ አፍ አውጥታ ጮኸች። አሸዋው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። «የናስቲሆ ፍየል ራባት! ሳር ስጧት!» ሆዮ ሎሚ ወረወረችብኝ፤ «አታዋርጂኝ» አለች።

ከሳቁ በኋላ ግን መብራቷ ጠፋች። ሮጬ ላይ ድረስ ወጣሁ፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ ሠራ። ወረድኩ። በማግስቱ እንደገና ጠፋች። አብቲ፣ ያ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሰማኝ ልነግርህ አልችልም። ሆዮ ታች ናት፣ ላይ ያለው ዓይን ታውሯል፣ እኔ በመሃል እየሮጥኩ ነው።

በመጨረሻ የክለባችንን ላፕቶፕ ይዤ ድልድዩ ሥር ተቀመጥኩ፤ በሞተበት ሰዓት ሳላጠፋው ገመድህን ሰካሁ። «አቁም» አልኩት። የቆመበትን የምታሳየው የላፕቶፑ ቀስት አንድ መስመር ላይ ቆማ ነበር። የላከው ድምፅ እስኪመለስ የሚጠብቅበት መስመር ላይ። ድምፁን ልኳል፤ ነፋስ ወሰደው፣ አሸዋ ዋጠው፣ አላውቅም፣ ብቻ አልተመለሰም። እሱም ቆሞ ይጠብቃል። ከትናንት ጀምሮ።

አርዱይኖ ላይ ይህ አንድም ቀን አልደረሰብኝም። ለካ እዚያ የምጠቀምበት ዝግጁ ነገር ለአንድ ሴኮንድ ጠብቆ ራሱ ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ ማንም ሳይነግረኝ። እዚህ መጠበቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ገደብም አላደረግሁለትም። ያንተ «መመልከቻ» ባይኖር ጦልሃን እሰድብ፣ ባትሪ እቀይር ነበር፤ ነሐሴም ይገባ ነበር። ስለዚህ በአንተ ላይ መቀለዴን ለአንድ ቀን አቁሜአለሁ። ቀኑ ዛሬ ነው።

አሁን ገደብ አለው። ካልተመለሰ ይተወዋል፣ እንደገና ይልካል። ለአንተም ገደብ አድርጌልሃለሁ። ሐምሌ አሥራ አምስት። እስከዚያ ካልጻፍክ ለሆዮ ራሴ ነው የምነግራት፤ እሷም ትስቅብኛለች፤ ቀኑ ሲመጣም «ፍየሏ ራባት» ይላሉ፣ ማንም አይነሳም። አየህ የፈራሁትን? ቦርዱ አሁን ደህና ነው። የማይሠራው የቀረው ሰው ነው።

ናስቲሆ


ጅቡቲ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለናስቲሆ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ያቆየሁትም ሰላምታ ተደምሮ ይድረስሽ። ገደቡ ሳያልፍ ጽፌአለሁ።

አትንገራት ያልሽበት ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን ለፋርሂያ ደወልኩላት። ከአሸዋው ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ ሴቶች ዋጋ ሲጣሩ ይሰማኛል። «ፋርሂያ» አልኳት። «አቤት» አለች። ስለ ጅቡቲ ሙቀት አወራሁ። ከዚያም ስለ ጉልበቴ አወራሁ። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ሁልጊዜም ጉልበቴ ነው የሚወጣው። አንቺ ፍየል እንደጻፍሽ እኔ ደግሞ ጉልበት አለኝ።

ስለ ቦርዱ አንድ ነገር ጨምሪ። ቺፑ ውስጥ ዋችዶግ የሚባል ዘበኛ አለ፤ ቀስቅሺው። ፕሮግራሙ በየጊዜው ትከሻውን መታ ካላደረገው፣ አንድ ቦታ ተቀርቅሯል ብሎ ሁሉን እንደ አዲስ ያስነሳል። አንቺ ድልድይ ሥር ሮጠሽ የምታደርጊውን እሱ ያደርግልሻል። ገደብሽ ላላሰብሽበት ስህተት አይሆንም፤ ዘበኛው ይሆናል።

ከዚህ በታች ያለውን ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። አትቀልጂ፤ አትዝለይ።

ፋርሂያ፤ እኔ ሚክዳድ ነኝ። ጎርፍ። ይኸው ጻፍኩት። መሪያምን የወሰዳት ያ ዓመት አይደለም፤ አየር ስለተለወጠ አይደለም፤ ጎርፍ ነው። ከላይ ነው የመጣው፣ ታች ያለው ሰው ምንም ሳያይ። ያን ጊዜ «መጣ» ብሎ የሚናገር ነገር አልነበረም። አሁን አለ። ልጅሽ ሠርታዋለች፤ እያንዳንዱን ሽቦ አውቀዋለሁ፣ በእጄ የሠራሁትን ያህል አምነዋለሁ። ድምፁ አስቀያሚ ነው ብላኛለች። ስትሰሚው ተነሺ። ሎሚውን ትተሽ። ሚዛኑን ትተሽ። የእናታችን ናት ብለሽ ወደ ኋላ አትዙሪ፤ እሷ ብትኖር ራሷ ትወረውራት ነበር። ሌሎቹ ከሳቁ እየሳቁ ይከተሉሽ።

ሚክዳድ


ድሬዳዋ
ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብቲ ሚክዳድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ሁላችንም አለን። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ልብህን ስለማውቀው ነው፤ አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ያልከውን አነበብኩላት። ልብስ እያጠፈች ነበር። «ጎርፍ» የሚለው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ። አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ፣

«እሱ ነው የጻፈው?»

«አዎ ሆዮ።»

«በእጁ?»

ወረቀቱን ተቀበለችኝና ቃሏ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ ወደ ልብሷ ተመለሰች። በማግስቱ ግን ሸራዋን የዘረጋችው መሃል ሳይሆን ደረጃው ሥር ነበር። ለሴቶቹ «ጥላ ፈልጌ ነው» አለቻቸው። እዚያ ጥላ የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ነበር፣ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። እኔ ጣሪያ ላይ ሆኜ መብራቷን አያለሁ፤ ሥራዬ ያ ብቻ ሆኗል። ጡሩምባው ጮኸ።

አብቲ፣ ይህን ሁሉ ወር ስጠብቀው ከርሜ፣ ሲጮህ መጀመሪያ ያሰብኩት «ተሳስቶ ይሁን፣ አላህዬ ተሳስቶ ይሁን» የሚል ነው። ታች አሸዋው በሳቅ ፈነዳ። «ፍየሏ ራባት! ናስቲሆ፣ አብዪያት!» አንዷ ቃሪያ ወደ ላይ ወረወረችልኝ። ጉሮሮዬ እስኪቀደድ ጮኽኩ፤ ቃል ይሁን የፍየል ድምፅ ይሁን አላውቅም።

ሆዮ ተነሳች። ሚዛኗ እጇ ላይ ነበረች፣ ሎሚ ጭናባታለች፣ ገዢው ቆሟል። ሚዛኗን መሬት ላይ አኖረቻት። ሎሚው እንዳለ። ዞር ብላም አላየቻትም፤ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

የቆመው ያኔ ነው ሳቁ። ሴቶቹ የእኔን ጡሩምባ አላመኑም፤ የሆዮን ሚዛን አሸዋ ላይ ሲያዩ ግን አመኑ። ፋርሂያ ያቺን ሚዛን ለሶላት እንኳን አስቀምጣት አታውቅም። አንዷ ተነሳች፣ ሌላዋ ልጇን አቀፈች፣ ከዚያ ሁሉም።

ዳር ላይ ወጥተን ቆምን። ምንም የለም። አሸዋው እንዳለ ነው፣ ሸራዎቹ ተዘርግተዋል፣ አንድ ውሻ ያልፋል። ከዚያ ማጉረምረሙ ጀመረ። «ይኸው ሥራችንን አስፈታችን!» «እናቷም አብራ!» ሳዶም እዚያው ነበረች፤ «እኔ ሲህር ነው ብዬ ነበር» አለች። ሦስት አራቱ ወደ ታች መመለስ ጀመሩ። ሆዮ ደረጃው አፍ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። ታውቃለህ፣ ትንሽ ሴት ናት። «የሚወርድ እኔን ረግጦ ይውረድ» አለች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ለእኔ ግን ዓመት ነበር።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። እርጥብ አፈር፣ በደረቅ ቀን። ከዚያ ድምፁ፤ ባጃጅ መስሎኝ ነበር፣ አንድ ሺህ ባጃጅ። ከዚያ መጣ። ቡናማ ነው፣ ፊቱ ላይ ግንድ ተሸክሟል። ሸራዎቹን አንድ በአንድ አነሳቸው። ሎሚ በሎሚ ሆነ፤ አረንጓዴ ሎሚ በቡናማ ውሃ ላይ።

ሆዮ እጇን ገና አላጠፈችም ነበር። «ጎርፍ» አለች። ቀስ ብላ፣ አዲስ ቃል እንደሚማር ሰው። ከዚያ ዞራ በጥፊ ልትመታኝ መስሎኝ ሸሸሁ፤ አንገቴን ይዛ ቀሚሷ ውስጥ ቀበረችኝ። ቃሪያ ቃሪያ ትሸታለች፤ ዓይኔን ያቃጠለው እሱ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም።

አረንጓዴዋ መብራት ከዚያ በኋላ አልበራችም። ዛሬ ጠዋት ላይ ድረስ ወጣሁ። ማሰሪያህ አልተነቀለም፤ የተነቀለው ብረቱ ራሱ ነው። ቦርዱ፣ ሳጥኑ፣ ሬዲዮው የሉም። መመልከቻው ግን አለ፤ ዘበኛውን ከጫንኩ በኋላ ትንሹን ክፍል በመስመሩ ላይ ሰብሬ እቤት አስቀርቼው ነበር። ያ ስንጥቅ ለዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከሆነ ብልህ ነኝ፣ ካልሆነ አትንገረኝ።

ስለዚህ አዲስ ቦርድ ላክልኝ፤ ቺፑን ብቻ፣ የሚያሳየኝ አለኝ። ማሰሪያውን ለብረት ሳይሆን ለሲሚንቶ አድርገው። ነሐሴ ገና አላለቀም፤ ትናንት ማታም አልተኛሁም። ሬዚስተሮቹን ደግሞ ወረቀት ላይ አትለጥፍ፤ ለሳዶ በእጇ ስጣት። ዛሬ መጥታ «ያ ነገር፣ እግር ያለው፣ ክር የታሰረበት፤ ለእኔም አንድ ይላክልኝ፣ አንገቴ ላይ ላስረው» ብላለች።

ሆዮ ስልኬን መልሳልኛለች። መደወል እችል ነበር። ግን ይህኛው በወረቀት ይሁን ብላ እሷ ነች ያስቀመጠችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ «ስለ ሚዛኗ ጻፊለት» ትለኛለች። ጻፍኩላት። «ሄዳለች በይው» አለች። ሄዳለች። «አልዞርኩም በይው» አለች። አልዞረችም።

ቀጥሎ ምን ልጻፍ ስላት ትንሽ አሰበችና ሳቀች፤ በዚህ ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ ነው። የዋሂሉን ነገር ነግሬአት ነበር። እንዲህ በይው አለችኝ፦

ፍየሎቹን ቆጥረናል። አንድም አልጎደለም።

ናስቲሆ እና ፋርሂያ